ሥዕል ያሠራ ንጉሥና ሥዕል የሚገዙ ሰዎች

ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ በብልባላ በኩል የሚሄድ መንገደኛ፥ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በአቡነ ዮሴፍ ተራሮች መካከል ወዳለው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ይደርሳል። ቀድሞ በበቅሎና በእግር ብቻ የሚደረስበት ስፍራ ነበር፤ ዛሬ መኪና ወደ ተራራው ግርጌ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት ግን በጥድና በወይራ ጥላ ሥር በእግር ይወጣል። እኛም ለመንግሥት ሥራ ወደ ላስታ ሄደን ሳለን የአንድ ቀን ዕረፍት ስላገኘን፥ ይህንን ስፍራ ሳያዩ መመለስ ያስቈጫል ብለን ወጣን። ዳገቱ ትንፋሽ የሚያሳጥር ስለ ሆነ፥ አብረውን ከነበሩት ሁለቱ በየጥዱ ሥር ይቆሙ ነበር፤ ምክንያቱን ብንጠይቃቸው የዛፉን ዕድሜ ለመመርመር ነው አሉን።

ዋሻው እጅግ ሰፊ ነው። በስተፊቱ በኋላ ዘመን የተሠራ ግንብ ስላለበት፥ ከውስጥ ያለው ከደጅ ሆኖ አይታይም። በሩን አልፎ የገባ ሰው ግን፥ ዐይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ከታገሠ በኋላ፥ ባለ ጥለት ኩታ የለበሰ የሚመስል ቤተ ክርስቲያን ከፊቱ ቆሞ ያያል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉ መሆናቸውን አንባቢ ሁሉ ያውቃል፤ ይህ ግን እንደ አክሱም ጥንታዊ ሥራ፥ አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቀ የታነጸ ነው። መስኮቶቹ በልዩ ልዩ ቅርጽ የተፈለፈሉ ናቸው። ከውስጥ ጣሪያው በእንጨት ገበታ ተከፋፍሎ በሐረግ የተጌጠ ሲሆን፥ በቅስቶቹና በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች በአገራችን ከሚታወቁት የግድግዳ ሥዕሎች መካከል ከጥንታውያኑ የሚቈጠሩ ናቸው። መብራት አስጠግቶ ላያቸው ሰው፥ ከቅዱሳኑ ሥዕል ሌላ እንስሳትም ብቅ ይሉለታል። ቤቱ በውሃ ላይ የቆመ ነው ሲሉ አበው ይናገራሉ። በዋሻው ጓዳ በኩል ስላለው የብዙ ሺህ ሙታን አፅም በዚህ ገጽ መተረክ አልፈለግንም፤ ልጆችም ያነቡታልና።

ሥዕሎቹን የሣላቸው ማን እንደ ሆነ ስሙ አልቀረልንም። ያሠራው ግን ታውቋል፤ ከዛጔ ነገሥታት አንዱ የሆነው፥ ንግሥናን ከክህነት ጋራ ያስተባበረው፥ ከቅዱስ ላሊበላ አስቀድሞ የነገሠው ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። ይህ ነገር በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ባለጠጋው ወይም ባላባቱ ሠዓሊ ጠርቶ፥ ቀለቡንና ልብሱን ሰጥቶ፥ ለደብሩ ሥዕል ያሠራል፤ ሠዓሊውም በእመቤታችን እግር ሥር ያንን ባለጠጋ ተደፍቶ ሲማፀን ይሥለውና ስሙን በአጠገቡ ይጽፍለታል። የብራና መጽሐፍም እንዲሁ ነው፤ ያስጻፈው ሰው ስም ከነቤተሰቡ በጸሎቱ መካከል ይገባል፥ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ስሙን የፋቀ ውጉዝ ይሁን የሚል ቃልም ይጨመርበታል። መዝገብ መጠበቅ ሥራችን ስለ ሆነ ይህን ውግዘት እናደንቀዋለን፤ ብዙ ጊዜ ከቍልፍ ይልቅ የጠበቀ እርሱ ነውና።

ሁልጊዜ ግን አልጠበቀም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በተያዘ ጊዜ፥ ለእንግሊዝ ቤተ መዘክር ቅርስ እንዲሰበስብ የተላከው ሪቻርድ ሆምዝ፥ ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ይዘውት ይወጡ የነበረውን ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል ወሰደ፤ ወስዶም ለቤተ መዘክሩ አልሰጠውም፥ ለራሱ አስቀረው እንጂ። ሥዕሉ እስከ ዛሬ ወደ አገሩ አልተመለሰም። እዚሁ ላስታ ደግሞ፥ በላሊበላ በቤተ መድኃኔ ዓለም የሚጠበቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ፥ በቤልጅግ አገር ከአንድ ቅርስ ሰብሳቢ ቤት ከተገኘ በኋላ በ1993 ዓ.ም. ተመለሰ። ሰብሳቢው ዋጋ ከፍሎ ገዛሁ ይል ይሆናል፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ ግዢ የሚጠቀመው ሌባው ነው፥ መስቀሉን የሠራው ሰውማ ካረፈ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል።

ይህን ስላልን ሰብሳቢን ሁሉ የምንነቅፍ አይምሰል። ፖላንዳዊው እስታኒስላቭ ኾይናትስኪ በአዲስ አበባ የቤተ መጻሕፍት ሹም ሳሉ፥ የቆዩ የገበታ ሥዕሎች በየገበያው ተሸጠው ከአገር ሲወጡ አይተው፥ እየገዙ በዚያው በአገሩ አስቀሩአቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት ስብስቡ ወደዚያ ገባ፤ የተቋሙ ወዳጆች የሆኑ ሰዎችም ማኅበር አቁመው፥ ከኪሳቸው እያዋጡ ለቤተ መዘክሩ ቅርስ ይገዙ ነበር። ዛሬ በስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ልጆቹን ይዞ የሄደ አባት፥ ያ ሁሉ ሥዕል በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ ያገኘዋል።

በሕይወት ያለው ሠዓሊ ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከከፈቱ ወዲህ የተማረ ሠዓሊ አላነሰንም፤ የገዢው ቍጥር ግን ከሠዓሊው ጋራ አልተካከለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከዚያው ትምህርት ቤት መምህራን አንዱ ሆኖ ሳለ በስደት በአሜሪካ በ1973 ዓ.ም. ዐረፈ፤ በጀርመን አገር የቀሩት ሥዕሎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ተመልሰው በስሙ በተሰየመው ቤተ መዘክር ተቀመጡ። ባዕድ ጠብቆ መለሰልን፤ ይህ ምስጋና የሚገባው ነው፥ ጥቂትም ያሳፍራል። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከፈቱት የዞማ ቤተ መዘክር ደግሞ፥ ጭቃና ጭድ በጥበብ ሰው እጅ ምን ያህል እንደሚያምር የሚያሳይ ነው።

ወደ ላሊበላ ከተመለስን በኋላ፥ በመንገድ ዳር ባለች አንዲት ጠባብ ቤት ብራና ዘርግቶ የሚሥል ወጣት አገኘን። ገዢዎቹ ከሞላ ጎደል የውጭ አገር ጎብኚዎች ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ከተማይቱ ድረስ ገባ፤ ከዚያም በኋላ በአማራ ክልል ሰላም ስላልጸና እንግዳ እንደ ቀድሞው አልመጣም። ወጣቱ አንድ ዓመት ሙሉ ቀለሙን አስቀምጦ ድንጋይ ሲሸከም መክረሙን ነገረን። ከመካከላችን አንዱ በአዲስ አበባ ለልጁ ሠርግ የገዛውን፥ ከባሕር ማዶ ታትሞ የመጣውን የፏፏቴ ሥዕል ዋጋ አስቦ ዝም አለ። ፏፏቴው በላስታ ያለ አይደለም፤ ዋጋውም ከዚህ ብራና ዋጋ ያንሳል ለማለት አይቻልም።

ስለዚህ ሦስታችን አዋጥተን የይምርሐነ ክርስቶስን ዋሻ እንዲሥልልን አዘዝነው። ግማሹን ዋጋ ለቀለምና ለብራና መግዣ አስቀድሞ ጠየቀ፤ እኛም ሰጥተን ደረሰኝ ተቀበልን። እንደ ልማዱ በግርጌው የማንን ስም እንደሚጽፍ ቢጠይቀን፥ የሦስታችን ስም ይቅርና የአንተን ጻፍበት አልነው። ራሱን አከከና፥ እንጨቱ ብዙ ረድፍ ስለ ሆነ ቦታ ከተረፈኝ እጽፋለሁ አለን።