ልጅና ቢስክሌት በወንጪት ቁልቁለት

ክረምቱ ከወጣ በኋላ የ14 ዓመት ልጃችንን ይዘን ወደ መንዝ በሄድን ጊዜ ቢስክሌቱም አብሮን ሄደ። በአዲስ አበባ እንዳይነዳ የከለከልነው መኪና ፈርተን ነበርና፥ መኪና በማይደርስበት የበቅሎ መንገድ ላይ ምን ምክንያት እናቅርብለት?

መንዝን ከሩቅ ያየ ሰው አገሩ ሁሉ ሜዳ ይመስለዋል። ሜዳስ ሜዳ ነው፤ ነገር ግን አዳባይና ወንጪት በምዕራብ በኩል ጥልቅ ገደል ቆፍረው ከበውታል፥ ውሃቸውም በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከላይ ባና ደርቦ የሚበርደው መንገደኛ ከታች ሲደርስ ነጠላው ይከብደዋል። ጠጠሩንም መንገድ ያለሰለሰው የበቅሎና የአህያ ኮቴ ነው።

ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለኢትዮጵያ በቢስክሌት መወዳደሩን ለልጁ የነገርነው እኛው ነን፤ ስለዚህ ጥፋቱም የእኛ ነው። ቁልቁለቱን ገና እንደ ጀመረ የፍሬኑ ሽቦ ተበጠሰ። እግሩን በጠጠሩ ላይ እየጎተተ ሄዶ ከቍጥቋጦ ውስጥ ገባ፤ ጉልበቱ ከመላጡ በቀር እግዚአብሔር አተረፈው።

አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ደርሰው ቁስሉን ከቅላቸው ውሃ አጠቡለትና፥ «ልጄ፥ እዚህ ላይ እኛም ከበቅሎ እንወርዳለን» አሉት። አባት ሆነን ይህን ቀድመን አለመንገራችን አሳፈረን። ልጁ ግን ቢስክሌቱን በእጁ እየገፋ፥ ከሽማግሌው ጋር እየተጫወተ እስከ ወንዙ ወረደ።

ማታ እናቱ ስለ ጉልበቱ በጠየቀችው ጊዜ ወደ እኛ አይቶ ዝም አለ። ነገሩን ራሳችን ነገርናት።