ከመውቀሳችን በፊት የበሩን ላስቲክ እንይ

በቤታችን ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ሌትም ቀንም ሥራውን የማያቋርጥ ቢኖር ማቀዝቀዣው፣ በተለምዶ ፍሪጅ የምንለው ነው። ምድጃው ወጡ ሲበስል ይጠፋል፤ ካውያው ልብሱ ሲያልቅ ይነቀላል፤ ቴሌቪዥኑም ቤተሰቡ ሲተኛ ያርፋል። ፍሪጁ ግን እኛ ተኝተንም ያጉረመርማል። በዚህ ጠባዩ ከእናቶች ጋር ሳይመሳሰል አይቀርም፤ ሥራው የሚታወቀውም፣ እንደ እናቶች ሁሉ፣ ያቋረጠ ዕለት ነው።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ፍሪጁ በጠቅላላው ሳይሆን በበሩ ዙሪያ ስላለው ላስቲክ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ላስቲክ በሩ ሲዘጋ እንዳይንኳኳ የተደረገ፣ ወይም ለጌጥ የተለጠፈ ነገር አድርገን እንቆጥረዋለን። አቧራውን ከላይ ከላይ ጠርገን እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ የወተቱም፣ የሥጋውም፣ የመብራቱም ሒሳብ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ላስቲኩ ሆዱ ክፍት የሆነ ለስላሳ ፕላስቲክ ሲሆን በውስጡ ረጅም ማግኔት ገብቶለታል። በሩን ስንመልሰው ማግኔቱ የፍሪጁን የብረት አካል ይስበውና ይጣበቃል፤ ለስላሳው ክፍል ደግሞ ተጨፍልቆ ክፍተቱን ሁሉ ይሞላል። በዚህም ብርዱ ከውስጥ እንዳይወጣ፣ የወጥ ቤቱም ሙቀት እንዳይገባ ይከለክላል።

ይህ ላስቲክ ዘመኑን ሲጨርስ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከማዕዘኑ ላይ ይቀደዳል። ያን ጊዜ ሞቃትና እርጥብ አየር ቀስ እያለ ይገባል። እርጥበቱም በፍሪጁ ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ በበረዶ ቤቱ ውስጥ ደግሞ በረዶ ሆኖ ይቆለላል። ሞተሩም የሚሸሸውን ብርድ ለመተካት ሲል ዕረፍት ያጣል። ሞተሩ ዕረፍት ካጣ ቆጣሪውም አያርፍም። እንደምታውቁት ደግሞ ቤተሰብ የሚጠቀመው መብራት በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ እያለ ይሄዳል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበው የጤናው ነገር ነው። ወተት፣ ሥጋና የተሠራ ምግብ በፍሪጅ ሲቀመጡ ቅዝቃዜው ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባይበልጥ ይመረጣል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይራባሉ። በቤታችሁ ውስጥ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ካለም ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መሆኑን አስታውሱ። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል። በሩ በደንብ የሚገጥምና ያልተከፈተ ፍሪጅ መብራት ከጠፋ በኋላ እስከ 4 ሰዓት ያህል ብርዱን ይዞ ይቆያል። ላስቲኩ ያረጀ ፍሪጅ ግን ይህን ጊዜ አያገኝም።

ይህን ጉዳይ እንዳነሣ ያደረገኝ በአንዲት ጎረቤቴ ቤት ያየሁት ነገር ነው። ጎረቤቴ የቢሮ ሠራተኛ ናት። ጧት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ትወጣለች፤ የምትመለሰው ሲመሻሽ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጇን የምትጠብቅላትና የቤቱን ሥራ የምትሠራላት ከገጠር የመጣች ወጣት ናት። ባለፈው ክረምት ወተቱ እየተበላሸ ያስቸግር ጀመር። ጧት የተገዛው ማታ ሲፈላ ይበጣጠሳል። ሕፃኑም ሁለት ጊዜ ተቅማጥ ይዞት ሐኪም ቤት ተመላለሰ። እናት በልጇ ስትደነግጥ የመጀመሪያው ጥያቄዋ «ማን አጠፋ?» ነውና፣ ጎረቤቴም በደል ያገኘችው በሠራተኛዋ ላይ ነበር። «የፍሪጁን በር ክፍት እየተወችው ነው» አለች። የወተቱም ዋጋ ከልጅቷ ደመወዝ ላይ ተቆረጠ። ይህም አልበቃ ብሎ ሌላ ሠራተኛ ማፈላለግ ተጀመረ።

አንድ ቅዳሜ ለቡና ተጠርቼ ሄድሁ። ልጅቷ ቡናውን ትቆላለች። እኔ ተቀምጬ ሳለሁ በፍሪጁ በር ላይ ተጠግቶ የቆመ በርጩማ አየሁና «ይህ በርጩማ እዚህ ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅሁ።

ጎረቤቴ ቀድማ፣ «እሱን እንኳ ተዪው! ስንት ጊዜ አንሺው ብያታለሁ መሰለሽ፤ ዞር ስል መልሳ እዚያው ትጎልተዋለች» አለችኝ።

ልጅቷ ዓይኗን ከምጣዱ ላይ ሳታነሣ፣ «በሩን እንዲይዝልኝ ብዬ ነው እትዬ። ዘግቼው ስመለስ ተላቆ አገኘዋለሁ» አለች።

ከሕፃኑ እኅት ደብተር ላይ አንድ ቅጠል ለምኜ በሩ መሐል አስገባሁና ዘጋሁት። ወረቀቱን ልጎትት እጄን ስሰድ፣ ገና ሳልነካው ወለሉ ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብለን ስናይ የላስቲኩ የታችኛው ማዕዘን ጣት እስኪያስገባ ድረስ ተቀዶ ኖሯል። ለጥቂት ጊዜ ማንም ምንም አልተናገረም። በኋላ ጎረቤቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት።

«ነግሬዎት ነበር እትዬ። ‹በደንብ ዝጊው› አሉኝ።»

ውድ አንባብያን፣ ይህችን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ልጅቷ በሽታውን ካወቀች ሰንብታለች፤ መድኃኒት ብላ ያገኘችውንም በርጩማ አቁማለች። የጎደለው የሚሰማት ሰው ነበር። ለጎረቤቴ ክብር ስል ግን ይህንንም ልናገር፦ በዚያው ሳምንት የቆረጠችውን ገንዘብ መልሳላታለች፤ ሠራተኛ ማፈላለጉንም ትታለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ሦስታችን ሆነን ላስቲኩን ቀየርነው። ከሁላችን ይልቅ እጇ የቀናው የልጅቷ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ ወረቀቱን በበሩ ዙሪያ፣ ከላይ፣ ከታችና ከሁለቱም ጎን፣ በስንዝር በስንዝር ርቀት እያስገባችሁ ዝጉና ጎትቱት። ያዝ ካደረገ ደኅና ነው፤ ያለ ትግል ከወጣ በዚያ በኩል አየር ይገባል ማለት ነው። ሌላው ዘዴ ማታ የወጥ ቤቱን መብራት አጥፍቶ፣ የበራ የእጅ ባትሪ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጦ በሩን መዝጋት ነው። ብርሃን በሾለከበት ሁሉ ብርድም ይሾልካል።

ወረቀቱ ስለወደቀ ብቻ ግን ወደ ገበያ አትሩጡ። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የእድፍ ነው። በላስቲኩ እጥፋት ውስጥ የፈሰሰ ወተት፣ ወጥና ስኳር ደርቆ ይጋገርና እንዳይገጥም ያደርገዋል፤ ጥቁር ሻጋታም ያበቅላል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ እጥፋቱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እያሻችሁ እጠቡትና በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። በረኪና ላስቲኩን ስለሚያደርቀው አትጠቀሙበት። ቀጥሎም የፍሪጁን አቋቋም ተመልከቱ። የፊቱ እግሮች ከኋላው ጥቂት ከፍ ቢሉ በሩ በራሱ ክብደት ይመለሳል። ማጠፊያው የላላ ከሆነ ወይም በሩ በጠርሙስ ብዛት ዘመም ካለ፣ ላስቲኩ አዲስ ቢሆንም አይገጥምም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልያዘ፣ ወይም ላስቲኩ ተሰንጥቆና ተቀዶ ከተገኘ፣ መቀየር የግድ ነው። በፍሪጁ ውስጥ ወይም ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ፈልጋችሁ የሞዴሉን ቁጥር በወረቀት ላይ ገልብጡ። የላስቲኩንም ቁመትና ወርድ በሜትር ለኩ። የሚቻል ከሆነ አሮጌውን ይዞ መሄድ የተሻለ ነው፤ በዓይን ተመሳስለው ጀርባቸው የሚለያይ ላስቲኮች አሉና።

ሥራውን ስትጀምሩ አስቀድማችሁ ፍሪጁን ከሶኬቱ ንቀሉ፤ ቶሎ የሚበላሸውንም ምግብ ጎረቤት ዘንድ አኑሩ። አዲሱ ላስቲክ በካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ ስለሚሰነብት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ብታቆዩት እጥፋቱ ይለቃል። ከዚያም አሮጌውን አንድ ጫፍ ይዛችሁ ገለጥ አድርጉት። በቦዩ ውስጥ ተጭኖ ብቻ የገባ ከሆነ በእጅ ሲሳብ ይወጣል። በብሎን የተያዘ ከሆነ ግን ካቻቢቴ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ፤ ብሎኖቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ አትፍቱ። እነዚሁ ብሎኖች የበሩን የውስጥ ገጽ ጭምር ስለሚይዙ ሁሉም ከወጡ በሩ ሊጣመም ይችላል። ከላይ ጀምራችሁ ላላ ላላ ብቻ አድርጓቸው፤ አሮጌውን እያወጣችሁ አዲሱን በቦታው እየከተታችሁ ወደታች ውረዱ።

አዲሱን ስትገጥሙ በመጀመሪያ የላይኛዎቹን ሁለት ማዕዘኖች፣ ከዚያ የታችኞቹን፣ በመጨረሻም መሐሉን አስገቡ። አትለጥጡት፤ የተለጠጠ ላስቲክ ቆይቶ ከቦታው ይሸሻል። ሲያልቅ በሩን ዘግታችሁ ለጥቂት ሰዓታት አትክፈቱት፤ ቅርጹን ይይዛል። ከዚያ የወረቀቱን ፈተና ድገሙት። ያልገጠመ ቦታ ካለ በፀጉር ማድረቂያ ከራቅ ብላችሁ አሙቁትና በጣታችሁ አስተካክሉት። ሥራው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከትዕግሥት በቀር ልዩ ሙያ አይጠይቅም።

ላስቲኩ ተቀይሮም ሞተሩ እምቢ ያለ ፍሪጅ ግን ወደ ጓሮ መውጣቱ አይቀርም። ለእናቶች ሁሉ መናገር የምፈልገው ከባድ ነገርም እዚህ ላይ አለ። ማግኔት ያለው ላስቲክ ከመለመዱ በፊት የፍሪጅ በር የሚዘጋው በመቀርቀሪያ እጀታ ነበር፤ የሚከፈተውም ከውጭ ብቻ ነው። በአሜሪካ ድብብቆሽ ሲጫወቱ በተጣሉ ፍሪጆች ውስጥ የገቡ ሕፃናት መውጫ አጥተው፣ ታፍነው ሞቱ። አየር የማያስወጣ በር ጩኸትንም አፍኖ ያስቀራል። ከዚህም የተነሣ የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1956 ስለ ፍሪጅ ደኅንነት ሕግ አወጣ። ከ1958 መገባደጃ ወዲህ የሚሠሩ የቤት ፍሪጆች ሁሉ በራቸው ከውስጥ ሊከፈት የሚችል እንዲሆን ተገደዱ። ማግኔት ያለበት ላስቲክም የመቀርቀሪያውን ቦታ ወሰደ። እንግዲህ ይህ የምንንቀው ላስቲክ የሕፃናት ሕይወት ታሪክ ያለበት ነው።

ስለሆነም አሮጌ ፍሪጅ በግቢያችሁ ውስጥ ካለ፣ ለእህል ማስቀመጫ አደረጋችሁትም፣ ቆራሌው እስኪመጣ ደጅ አቆያችሁትም፣ በሩን ከነማጠፊያው ነቅላችሁ ለብቻው አስቀምጡት። በተለይ መቀርቀሪያ ያለው ከሆነ ለነገ አይባልም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በከተማ ኑሮ ትልቁ ወጪ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከትንሽ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን አስቀድሞ የሚያየው ደግሞ ዕቃውን በየቀኑ በእጁ የሚነካው ሰው ነው። በብዙዎቻችን ቤት ይህ ሰው የቤት ሠራተኛችን፣ ወይም አያት፣ ወይም ከትምህርት ቤት ቀድማ የምትገባው ትልቋ ልጃችን ናት። አንድ ነገር ሲበላሽ «ማን አጠፋ?» ከማለታችን በፊት «ምን አየሽ?» ብለን ብንጠይቅ ከገንዘቡም በላይ የቤታችንን ሰላም እናተርፋለን።

እንግዲህ ይህን ዓምድ አንብባችሁ ስትጨርሱ ከጋዜጣው ጠርዝ ላይ አንድ ቁራጭ ቅደዱና የፍሪጃችሁን በር ዛሬውኑ ሞክሩት። ስትሞክሩም ብቻችሁን አትሁኑ፤ በሩን በቀን ብዙ ጊዜ የምትከፍተውንና የምትዘጋውን ሰው አጠገባችሁ ጥሩ።