መጀመሪያ መጠየቅን እናስተምራቸው

 

በሀገራችን ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ዐረብኛን የሚሰማው ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ጋር እኩል ነው። ገና እንደተወለደ አዛን በጆሮው ይባልለታል። አፉን ሲፈታ «ቢስሚላህ» ብሎ መብላትን፣ «አልሐምዱ ሊላህ» ብሎ ማመስገንን ይለምዳል። ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆነው ከመድረሳ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አሊፍ፣ ባ፣ ታ ይላል። ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ጁዝእ ዐመን በቃሉ የሚወጣው ብዙ ነው፤ ማሻአላህ! ይሁንና ይኸው ልጅ አንድ ዐረብኛ ተናጋሪ እንግዳ ከቤቱ ቢመጣ፣ «ከየት መጡ?» ብሎ ለመጠየቅ አፉ ይያዛል። ለቁጥር የሚያታክቱ ቃላት በአንደበቱ ላይ እያሉ አንዲት ጥያቄ መሥራት ያቅተዋል።

እኔ በሰፈራችን መስጊድ ከዐስር ሶላት በኋላ ጀማሪዎችን ዐረብኛ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። ተማሪዎቼ ሕፃናትም፣ እናቶችም፣ ጡረታ የወጡ አባቶችም ናቸው። ከዚህ ሥራ የተረዳሁት ነገር ቢኖር ለጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊሰጠው የሚገባው መጠየቂያ መሆኑን ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር የተማረ ሰው ያለው ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። መጠየቅን የተማረ ሰው ግን ያላስተማሩትን ሁሉ ራሱ ፈልጎ ያገኛል።

መጠየቂያዎቹ ደግሞ ጥቂት ናቸው። «ማ» ምን፣ «መን» ማን፣ «አይነ» የት፣ «መታ» መቼ፣ «ከይፈ» እንዴት፣ «ሊማዛ» ለምን፣ «ከም» ስንት፣ «አይ» የትኛው ማለት ናቸው። «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ ለሚሻ ጥያቄ ደግሞ «ሀል» አለች። እነዚህ ዘጠኙ በእጁ የገቡለት ሰው ከገበያ፣ ከመንገድም ሆነ ከኡስታዙ ፊት ባዶ እጁን አይመለስም።

ውድ አንባቢያን! ደስ የሚለው ነገር ልጆቻችን እነዚህን ቃላት ቀድሞውኑ የሚያውቋቸው መሆኑ ነው። «ማ» በሱረቱል ቃሪዓህ መጀመሪያ ላይ አለች፤ ቃሪዓህ ምን እንደሆነች የሚጠየቀው በእርሷ ነው። ሱረቱል ጋሺያህ የምትከፈተው በ«ሀል» ሲሆን፣ «ከይፈ» ደግሞ በዚያችው ሱራ አራት ጊዜ ትመላለሳለች፤ ስለ ግመል አፈጣጠር፣ ስለ ሰማይ፣ ስለ ተራራና ስለ ምድር። «አይነ» በሱረቱት ተክዊር መጨረሻ አካባቢ ሰዎች ወዴት እየሄዱ እንደሆነ ይጠየቁባታል። ከነሕይወቷ የተቀበረችው ሕፃን በየትኛው ወንጀሏ እንደተገደለች የምትጠየቅባት «አይ»ም በዚያው ሱራ ናት። ብዙ ቤተሰብ ማታ ማታ በሚቀራው ሱረቱል ሙልክ አስተባባዮቹ ቀጠሮውን «መታ» ብለው ይጠይቃሉ፤ ውሃ ወደ መሬት ቢሰርግ ማን እንደሚያመጣው የሚጠየቀውም በዚያው ሱራ በ«መን» ነው። ጁሙዓ ጁሙዓ በሚቀራው ሱረቱል ከህፍ የዋሻው ወጣቶች ምን ያህል እንደቆዩ የተጠያየቁት በ«ከም» ነው። የማንሠራውን ለምን እንደምንናገር በሱረቱስ ሶፍ የምንወቀሰው ደግሞ የ«ሊማዛ» አጭር በሆነችው በ«ሊመ» ነው።

ይህንን ለተማሪዎቼ ሳሳያቸው ፊታቸው ላይ የማየው ደስታ ልዩ ነው። አዲስ ቃል የሰጠኋቸው አይመስላቸውም፤ ከቤታቸው ውስጥ ተቀምጦ የኖረ ዕቃ ከነጥቅሙ ያገኙ ይመስላቸዋል። ከዚያች ቀን በኋላ ሶላት ላይ ሲቆሙ ኢማሙ «ሀል» ሲል ጥያቄ እንደመጣ ያውቃሉ፤ ጆሯቸው ይነቃል።

አማርኛ ተናጋሪ ጀማሪ ሌላም ዕድል አለው። አማርኛና ዐረብኛ ሁለቱም ሴማዊ ቋንቋዎች በመሆናቸው «መን» ሲባል «ማን» ማለቱ ያለ ብዙ ድካም ይገባዋል። በዚህ ዝምድና መካከል ግን የሚያደናቅፉ ድንጋዮች አሉ። በዐረብኛ «ሚን» ማለት «ከ» ማለት ነው። የእኛ ልጅ ግን «ሚነል መስጂድ» ሲባል «ከመስጊድ» በማለት ፈንታ «ምን» የሚል ጥያቄ የሰማ ይመስለዋል። በአማርኛ «ስምህ ማን ነው?» እንላለን። ዐረቦች ግን ስምን የሚጠይቁት በ«ማ» ነው፤ ለወንድ «ማ ኢስሙከ?»፣ ለሴት «ማ ኢስሙኪ?»። ብዙ ጀማሪ በአማርኛው ልማድ «መን ኢስሙከ?» ይላል። መጠየቂያዋም በአማርኛ ከወደ መጨረሻ ትመጣለች፤ «መጽሐፉ የት ነው?» እንላለን። በዐረብኛ ግን መሪ ሆና ከፊት ትቆማለች፤ «አይነል ኪታብ?»። «ነው» የምትለዋን ፍለጋ መድከምም አያስፈልግም፤ በዚህ ቦታ ዐረብኛ አይፈልጋትም። በ«ከም» በኩል ግን ተስማምተናል፤ እኛ «ስንት መጽሐፍ አለህ?» ብለን መጽሐፉን በነጠላ እንደምንጠራው፣ ዐረብኛም «ከም ኪታበን ዒንደከ?» ብሎ በነጠላ ይጠራዋል።

ክፍሉን ሁልጊዜ የሚያስቀው ደግሞ «በላ» ነው። በዐረብኛ ጥያቄው በአሉታ ሲመጣ «አይ፣ እንዲያውም ነው» ለማለት «ነዐም» አይባልም፤ «በላ» ይባላል። «አለም ተእኩል?» (አልበላህም ወይ?) ተብሎ የተጠየቀ የበላ ሰው «በላ!» ብሎ ይመልሳል። ልጆቹ ይህንን ሲሰሙ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ ቃሉም ከአእምሯቸው አይወጣም። ሳቃቸው በረድ ሲል፣ በሱረቱል አዕራፍ እንደተነገረው የአደም ልጆች ጌታቸው እርሱ አለመሆኑን ሲጠየቁ በዚህችው «በላ» በምትለዋ ቃል መመስከራቸውን እነግራቸዋለሁ። ያኔ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

በጀማሪ እጅ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ሁለቱ ቁልፎች ናቸው። አንደኛው «ማ መዕና ሃዚሂል ከሊማ?» (የዚህ ቃል ትርጉም ምንድን ነው?) የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «ከይፈ ነቁሉ ሃዛ ቢል ዐረቢያ?» (ይህንን በዐረብኛ እንዴት እንላለን?) የሚለው ነው። በተለምዶ «የመዲና ኪታብ» የሚባለውን ያዘጋጁት፣ በ2023 እ.ኤ.አ ወደ አኺራ የሄዱት ዶክተር ዐብዱር ረሒም ራሳቸው ዐረብ አልነበሩም፤ ሕንዳዊ ነበሩ። ኪታባቸውም ተማሪውን ወደ ቤት፣ ወደ መስጊድ፣ ወደ በር፣ ወደ ቁልፍ እያመለከተ ገና ከመጀመሪያው ትምህርት «ይህ ምንድን ነው?» ማለትን ያስለምደዋል።

የአባቶቻችን መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር። በወሎና በሌሎችም የዒልም አካባቢዎች ደረሳው አጅሩሚያን ይቀራል፤ ኪታቡም የሚጀምረው ንግግር ማለት ምን እንደሆነ በመበየን ነው። ከዚያ ከፍ እያለ እስከ ኢብን ማሊክ አልፊያ ይደርሳል። ይህ መንገድ ታላላቅ ዑለማእን አፍርቷል፤ ዋጋውንም አላህ ይክፈላቸው። ይሁን እንጂ ዓመታቱን በሙሉ ለዒልም የሰጠ ደረሳና ከትምህርት ቤት መልስ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ የሚያገኝ ልጅ አንድ አይደሉም። ለዚህኛው ከየትኛው በር እንደምናስገባው ማሰብ አለብን።

ነገሩ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ያስተማረችኝ አንዲት እህት ናት። ከገጠር ስትወጣ አራት ጁዝእ በቃሏ ይዛ ነበር። ወደ ሪያድ ሄዳ በአንድ ቤት ሁለት ዓመት ሠራች። ስትመለስ ከእናቶች ጋር ልትማር መጣችና ምን ያህል ዐረብኛ እንደምታውቅ ጠየቅኋት። «ጂቢ፣ ሩሒ፣ ነዚፊ» አለችኝ፤ አምጪ፣ ሂጂ፣ አጽጂ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከትእዛዝ በቀር ሌላ ቃል ሰምታ አታውቅም ነበር። ደመወዟ ሲዘገይ «መቼ ነው የምትከፍሉኝ?» ማለትን አልቻለችም። ፓስፖርቷ የት እንደተቀመጠ፣ የእረፍት ቀኗ የትኛው እንደሆነም አልጠየቀችም። «ኡስታዝ፣ እኔ እኮ መታዘዝን ነው የተማርኩት፤ መጠየቅን ያስተማረኝ የለም» አለችኝ። በመጨረሻ ያዳኗት የቤቱ ሕፃናት ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው ሲጠያየቁ እየሰማች «ወይን» የት፣ «ኢሽ» ምን፣ «ለይሽ» ለምን ማለት እንደሆነ ለቀመች። ሰፈሩ የሚናገረው ዐረብኛ ከኪታቡ ቢለይም «መታ»ና «ከም» በዚያም ብዙ እንዳልራቁ ተረዳች። አንድ ቀንም «መታ ራቲቢ?» (ደመወዜ መቼ ነው?) አለች። የቤቱ እመቤት ደነገጠች፤ ከዚያም መልስ ሰጠቻት። የቀረው ደመወዝ ሁሉ ባይከፈላትም ከዚያች ቀን በኋላ እንደ ድሮው አልታየችም።

ከኅዳር 2006 ዓ.ል ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ የየቤታችንን በር ያላንኳኳ ታሪክ አልነበረም። ቋንቋ ብቻውን ግፍን አያስቀርም፤ ይህንን እናውቃለን። ሆኖም መጠየቅ የሚችል ሰውና መጠየቅ የማይችል ሰው ግፍ ፊት እኩል አይቆሙም።

በዲናችንም ቢሆን መጠየቅ ትንሽ ነገር አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱን ነሕል የማናውቀውን ከዕውቀት ባለቤቶች እንድንጠይቅ አዞናል። ከጃቢር (ረ.ዐ) በተዘገበው ሐዲስ አንድ ጭንቅላቱ የቆሰለ ሰው ጀናባ ሲሆን ጓደኞቹ መታጠብ አለብህ አሉት፤ ታጠበና ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህንን ሲሰሙ ሳያውቁ ከመፍረድ ይልቅ መጠየቅ ይገባቸው እንደነበር በብርቱ ገሠጹ፤ ያለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም ነገሩ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኗቸው ሐያእ ዲናቸውን ጠይቀው ከመረዳት ስላልከለከላቸው ነበር። ለሴት ልጆቻችን ዝምታን ብቻ እንደ ጨዋነት የምናስተምር ወላጆች ይህንን ደግመን ልናስበው ይገባል።

አንዳንድ ታላላቆቻችን «ጥያቄ ማብዛት በኒ ኢስራኢልን አጥፍቷል» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በሱረቱል በቀራህ ላሚቱን እንዲያርዱ ሲታዘዙ ምን ዓይነት ናት፣ መልኳስ ምን ይመስላል እያሉ አጓተቱ። የጠየቁትም በዚችው «ማ» ነበር። ነገር ግን እነርሱ የጠየቁት ከሥራ ለመሸሽ ነው፤ የእኛ ጀማሪ የሚጠይቀው ወደ ሥራ ለመግባት ነው። ቃሉ አንድ ቢሆንም ኒያው ይለያል።

ሌላው የሚያሳስባቸው አደብ ነው። አማርኛችን «እርስዎ» እና «አንቱ» ስላለው ልጁ ሸይኹን «አንተ» ብሎ መጠየቅ ያሳፍረዋል። በዐረብኛ ግን አደቡ የሚታየው በሌላ መንገድ ነው፤ በሰላምታ በመጀመር፣ «ያ ሸይኽ» ወይም «ያ ዐሚ» (አጎቴ) ብሎ በመጥራት፣ «ሚን ፈድሊከ» (እባክዎን) በማስቀደም፣ መልሱንም እስከ መጨረሻ በማዳመጥ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ! ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በሳምንት አንዲት መጠየቂያ ምረጡ። በራት ሰዓት አባት ዳቦውን አንሥቶ «ማ ሃዛ?» ይበል፤ ልጅም «ሃዛ ኹብዝ» ብሎ ይመልስ። በማግሥቱ ጠያቂዋ ልጅት፣ መላሹ አባት ይሁን። እናት ከገበያ ስትመለስ «ቢከም ሃዛ?» (ይህ በስንት?) ብለው ይጠይቋት። በሳምንቱ መጨረሻ ያቺ ቃል ከሚያውቁት ሱራ ውስጥ የት እንዳለች አብራችሁ ፈልጉ። አባት መልሱን ባያውቅ አይፈር፤ «ነገ ኡስታዙን እንጠይቃለን» ይበል። ልጁ ከዚህ የሚማረው ከቃሉ ይበልጣል።

ሁላችንም በቀብራችን ስለ ጌታችን፣ ስለ ዲናችንና ስለ ነቢያችን እንጠየቃለን፤ በሐዲስ የተነገሩን እነዚያ ጥያቄዎችም የቆሙት በ«መን» እና በ«ማ» ነው። ለዚያ ቀን መልስ የሚያዘጋጅ ሰው ዛሬ በሕይወት ሳለ ጠይቆ የተማረ ነው። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይለግሰን፤ ልጆቻችንንም ሳያፍሩ የሚጠይቁ፣ ሲረዱም የሚሠሩበት ያድርግልን። አሚን።