የአውድማው አብራሪ

አውሮፕላን እንዴት እንደሚበር ያስረዳኝ ሰው በእጁ የያዘው ላይዳ ነበር።

ጥር 1968 ዓ.ም. ነው፤ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ። ጎረቤታችን ለጥምቀት ፈቃድ ወጥቶ አንበሳሜ መጥቷል። ስሙን ለቤተሰቡ ልተወው። ደብረ ታቦር ተምሮ፣ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ገብቶ፣ የኤፍ-5 አብራሪ ሆኗል። መለዮውን ለማየት ተንጋግተን ብንሄድ፣ ቁምጣ ለብሶ ከአባቱ ጋር ዳጉሳ ሲያዘራ አገኘነው።

«ጋሼ፣ ያ ሁሉ ብረት እንዴት አይወድቅም?» አልኩት።

አልሳቀብኝም። ላይዳውን ወደ ነፋሱ አዙሮ ጫፉን ትንሽ ቀና አደረገና «እስቲ ያዘው» አለኝ። ስይዘው ነፋሱ ከእጄ ሊነጥቀኝ ወደ ላይ ሳበው። «ይኸው ነው። ክንፉ ነፋሱን ወደ ታች ሲገፋው፣ ነፋሱ ደግሞ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። የሞተሩ ሥራ ወደፊት ማስሮጥ ብቻ ነው።» ኋላ ፊዚክስ ስማር ከዚህ የተሻለ አስረጅ አላገኘሁም።

እናቱ አውሮፕላን አይወዱም ነበር፤ እውነትም አላቸው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ሲወድቁ፣ በሠራዊታቸው ላይ መጀመሪያ የውግዘት ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ያወረደው አውሮፕላን ነው። የእናቱ አባት እዚያ ዘምተው ቀርተዋል። በእኛ አገር አውሮፕላን የታወቀው እንዲህ ነው።

«አያትህን የበላውን ነው የምትጋልበው?» ይሉት ነበር።

«እኔ ከጋለብኩትማ የእኛ ሆነ፣ እማየ።»

ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። መስከረም ላይ ጅጅጋ ተያዘች። እግረኛው ሲያፈገፍግ ሰማዩን አላስደፍር ያሉት፣ ከሚግ-21 ጋር የተናነቁት እነዚያ ጥቂት የኤፍ-5 ልጆች ናቸው። ይህን ውለታ የምንረሳ ሰዎች መሆን የለብንም።

የጎረቤታችን መርዶ ጥቅምት ላይ ጎህ ሳይቀድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ አስከሬን እንደሌለ ሲናገሩ እናቱ ነጠላቸውን አላዘቀዘቁም። «ሬሳውን ያየ አለ?» አሉ። ያየ አልነበረም። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ስትመለስ ከተማው ሲጨፍር፣ እሳቸው የጠየቁት ስለ ምርኮኞች ብቻ ነበር።

እንዲያ ሆነው ወደ 11 ዓመት ጠበቁ። በ1980 ዓ.ም. አብራሪው ለገሠ ተፈራ ከሶማሊያ እስር ቤት ከምርኮኞቹ ጋር መመለሳቸውን ሬዲዮ ሲናገር፣ አስጠሩኝ። «አንተ ፊደል የቆጠርክ ነህ፤ ሄደህ ጠይቅልኝ» አሉኝ። አዲስ አበባ ወርጄ ጠየቅሁ። ከተመለሱት ውስጥ አልነበረም። ይህን ቃል ይዤ ከሐሙሲት አንበሳሜ ድረስ የሄድኩበት መንገድ እስካሁን ይረዝምብኛል።

ደጃፍ ላይ ቆመው ሰሙኝ። ያን ጊዜ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

ተዝካሩ ጥር 1981 ዓ.ም. ወጣ። ጠላው የተጠመቀው ከዚያው አውድማ በገባ ዳጉሳ ነበር።