አሽበርን፦ ሰርቨሮቻችን የሚኖሩበት ሰፈር

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ የሚሄደው የሲልቨር ላይን ባቡር የመጨረሻ ጣቢያው አሽበርን ነው። መስመሩ እዚያ የደረሰው በኖቬምበር 2022 እ.ኤ.አ. ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሚያርፍበት ከደለስ ተነስቶ ሁለተኛው ጣቢያ አሽበርን ነው። ከቦሌ የመጣ አበሻ ግን ሻንጣውን ጭኖ ወደ አሌክሳንድሪያ ወይም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ይነዳል እንጂ ወደዚያ የሚታጠፍ የለም። ቢታጠፍስ ምን ሊያይ? መስኮት የሌላቸው ግራጫ ሕንፃዎች ናቸው። እኔ ግን ሄጄ ፍቅር ይዞኝ ተመለስኩ።

የወሰደኝ ሙያዬ ነው። ሰዎች ሰርቨር ተከራይተው የሚያስተዳድሩበትን ገጽ፣ እኛ ኮንሶል የምንለውን፣ እየፈተሽኩ “ይሄ ቁልፍ ያሳስታል፤ ይሄ ማስጠንቀቂያ ዘግይቶ ነው የሚመጣው” እያልኩ ለክላውድ አቅራቢዎች የማሻሻያ ሐሳብ እጽፋለሁ። ኮንሶሎቹ ላይ ሪጅን የሚባል ዝርዝር አለ፤ ማሽኑ የትኛው የዓለም ክፍል እንዲቀመጥ የሚመረጥበት። አዲስ አበባ ውስጥ ከማውቃቸው ፕሮግራመሮች ብዙዎቹ ብዙም ሳያስቡ አሽበርን ያለችበትን ኖርዘርን ቨርጂኒያን ይነካሉ። በጣት ነክተን የምናልፈው ያ መስመር በባቡር የሚኬድበት አገር መሆኑ ሲገርመኝ ኖሯል።

ሰፈሩን በእግር ለማየት የሚሻለው ደብሊው ኤንድ ኦዲ የሚባለው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ነው። ድሮ ባቡር ይሄድበት ነበር፤ ዛሬ ከአርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል 72 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ለብሷል። አሽበርን ላይ ሰርቨሮቹ በሚቀመጡባቸው ሕንፃዎች፣ በዳታ ማዕከሎቹ፣ ጓሮ በኩል ያልፋል። በግራ ቁጥቋጦና ወፍ፣ በቀኝ ማለቂያው የማይታይ ግድግዳ። ጣሪያው ላይ ማቀዝቀዣዎች ተደርድረዋል፤ ከግድግዳው ሥር የናፍጣ ጄኔሬተሮች በመደዳ ቆመዋል፤ ከኋላ የከፍተኛ ኃይል ምሰሶዎች አንገታቸውን አስረዝመው ይታያሉ። በሩ ላይ ስሙን የለጠፈ ሕንፃ ጥቂት ነው። ሁሉም ግን ይጮኻል፤ ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ የማራገቢያ ድምፅ። መጀመሪያ ይረብሻል፣ ቀጥሎ ይለመዳል፣ ከሰፈሩ ሲወጡ ደግሞ የሆነ ነገር የጎደለ ይመስላል። ብስክሌተኞቹ ቀና ብለውም አያዩትም። እኔ በየአጥሩ ሥር እየቆምኩ ሳዳምጥ ጥበቃዎቹ ሳይጠራጠሩኝ አልቀሩም።

ለምን እዚህ? መሬቱ ሰፊ ነበር፣ መብራቱ ርካሽ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ግን ኢንተርኔቱ ቀድሞ እዚህ ተቀምጦ ስለነበር ነው። ከዋነኞቹ የመጀመሪያ የኔትወርክ መገናኛዎች አንዱ የሆነው ሜይ-ኢስት በ1992 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ፣ ኋላ መሣሪያዎቹ እዚሁ አጠገብ ታይሰንስ ኮርነር፣ ከሕንፃ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ በታጠረች ክፍል ይገኙ ነበር። ከዚያ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ኤኦኤል መጣ፣ የዳታ ማዕከል ኩባንያው ኢኩዊኒክስ መጣ፣ የፋይበር መስመር በየመንገዱ ሥር ተቀበረ። በ2006 እ.ኤ.አ. አማዞን ሰርቨርና ማከማቻ በሰዓትና በጊጋባይት ማከራየት ሲጀምርም የመጀመሪያ ሪጅኑ ይሄው ቨርጂኒያ ሆነ። አሽበርን የምትገኝበት የሉደን ካውንቲ ሰዎች ከዓለም የኢንተርኔት ትራፊክ 70 በመቶው በእኛ በኩል ያልፋል ማለት ይወዳሉ። ቁጥሩን ቆጥሮ ያረጋገጠ ያለ አይመስለኝም፤ ሲያወሩት ግን ያምርባቸዋል።

ውስጥ የገባሁት በአንድ ወገናችን ደግነት ነው። ዲሲ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ኖረው፣ ማታ ማታ ተምረው ቴክኒሺያን የሆኑ ሰው ናቸው፤ ስሜን እንዳትጽፊ ስላሉኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። መግቢያው ላይ መታወቂያዬን ያዙ፤ ፎቶ ማንሳት ክልክል መሆኑን ሁለት ጊዜ ነገሩኝ። ቀጥሎ ሁለት በር ያላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ገባን። የመጀመሪያው በር ከኋላችን ካልተዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም። ተሳስቶ መግባት የሚባል ነገር የለም ማለት ነው፤ በሩ ራሱ አይፈቅድም።

አዳራሹ ውስጥ ሰርቨሮቹ የተደረደሩባቸው መደርደሪያዎች፣ ራኮቹ፣ በረድፍ ቆመዋል። ፊታቸውን አዙረው በሚተያዩበት መተላለፊያ ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል፤ ጀርባ ለጀርባ በሚሆኑበት በኩል ግን እንጀራ ሲጋገር ምጣድ አጠገብ የመቆም ያህል ይሞቃል። እያንዳንዱ ገመድ በሁለቱም ጫፉ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ ተጽፎበታል። የመብራት ገመዶቹ ቀይና ሰማያዊ ናቸው፤ ሁለት የተለያዩ መስመሮች፣ አንዱ ቢሄድ ሌላው እንዲይዝ።

ከዚያ ጋሼ አንዱ ሰርቨር ፊት ላይ ያለች ትንሽ ቁልፍ ተጫኑ። ሰማያዊ መብራት በራ።

“ይቺ ምንድን ናት?” አልኳቸው።

“ነይ ወደ ኋላ።” ዞረን በሙቀቱ በኩል ስንመጣ ከዚያ ሁሉ የብረት ጀርባ መሀል አንዱ ላይ ያው ሰማያዊ መብራት በርቷል። “አየሽ ልጄ፣ ከኋላ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው። ይቺ ባትኖር የሰው ነቅዬ ሥራውን አቆምበት ነበር።”

እኔ እዚያች መብራት ላይ ቀረሁ። ኮንሶል ላይ ስንት ጊዜ የፈለግኳት እሷን ነበር! አንድ ማሽን ስንከራይ ማሽኑ በአንድ ገጽ፣ ዲስኩ በሌላ ገጽ፣ የአይፒ አድራሻው በሦስተኛ፣ የፋየርዎል ደንቡ በአራተኛ፣ ባክአፑ በሌላ ይቀመጣል፤ የሚያገናኛቸውም ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ ሰው ሊያነበው የማይችል ኮድ ነው። ማሽኑን የሰረዘ ሰው ዲስኩ መቅረቱን የሚያውቀው በወሩ መጨረሻ ሂሳቡ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ከአሽበርን ይዤ የተመለስኩት የመጀመሪያ ሐሳብ ይሄ ነው፦ አንድ ማሽን ሲነካ ከሱ ጋር የተያያዘ ነገር ሁሉ፣ በየትኛውም ገጽ ይሁን፣ በአንድ ቀለም ይብራ። ሌላ ሪጅን ውስጥ ተረስቶ የቀረውም ጭምር፤ ምክንያቱም ብዙ ኮንሶሎች የሚያሳዩት የተመረጠውን ሪጅን ብቻ ነው፣ የቀረው ከዓይን ይሰወራል።

የሂሳቡ ጉዳይ ለኛ አገር ሰው ቀላል አይደለም። በብዙ አቅራቢዎች ዘንድ ማሽኑን ማጥፋት ክፍያውን ማጥፋት አይደለም፤ አንዱ የዲስኩን ብቻ ማስከፈል ይቀጥላል፣ ሌላው ማሽኑ ጠፍቶም ሙሉውን ያስከፍላል። አማዞን ከፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ይፋዊ የአይፒቪ4 አድራሻ በሰዓት 0.005 ዶላር ይጠይቃል። በሰዓት ሲነገር ከምንም አይቆጠርም፤ በወር ግን 3.60 ዶላር ገደማ ነው፣ በአሥር አድራሻ ሲባዛ 36 ዶላር። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ያ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ አልተርክም። የሚከፈልበት ካርድ ራሱ የቨርጂኒያ ዘመድ ካርድ የሆነበት ስንቱ ነው! የሰው ካርድ ላይ ያልታሰበ ሂሳብ ሲወርድ የሚጎዳው ገንዘቡ ብቻ አይደለም። “አቁም” ከሚለው ቁልፍ አጠገብ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትጻፍ ይበቃ ነበር፤ ቢቆም በወር ይሄን ያህል ይከፈላል፣ ከተያያዘው ሁሉ ጋር ቢሰረዝ ምንም አይከፈልም ብላ። ዋጋው በሰዓት ሳይሆን በወር ተደምሮ ይቀመጥ፤ ሰው ደመወዙን የሚያስበው በወር ነው።

ያቺን ሁለት በር ያላት፣ ስህተት የማታሳልፍ ክፍል ሳይ ደግሞ ትዝ ያለኝ በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የደረሰው ነው። ኤስ3 የሚባለው የአማዞን ማከማቻ በዚሁ በቨርጂኒያ ሪጅን ለአራት ሰዓት ያህል ተቋረጠ፤ በሱ ላይ የተቀመጡ ስንትና ስንት ድረ ገጾች አብረው ወደቁ። ኩባንያው ራሱ ባወጣው ማብራሪያ፣ አንድ ባለሙያ ጥቂት ሰርቨሮችን ከሥራ ሊያወጣ ትእዛዝ ሲጽፍ አንዱን ግቤት ሳተ፤ ከታሰበው የበለጠ ሰርቨር ወጣ። ይሄ በማንም የሚደርስ ነው። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው፦ የአገልግሎቶቹን ጤንነት ለሕዝብ የሚያሳየው ገጽ የሚታረምበት መሣሪያ ራሱ በኤስ3 ላይ የተደገፈ ስለነበር ለሁለት ሰዓት ያህል ሊያሻሽሉት አልቻሉም። ደንበኛው የራሱ ሥራ ቆሞበት ገጹ ግን ሰላም ነው ይለው ነበር። የዲዛይን ባለሙያው ያዕቆብ ኒልሰን በ1994 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው አሥር የዲዛይን መርሖች የመጀመሪያው ሥርዓቱ ያለበትን ሁኔታ ለተጠቃሚው አሳውቅ የሚል ነው፤ አንደኛው መርህ በታላቁ ቤት ወደቀ። ኋላ ሁለቱንም አስተካክለዋል፤ ሰርቨር ከሥራ የሚያወጣው መሣሪያ በዝግታ እንዲያወጣና ከዝቅተኛው መጠን በታች እንዳይወርድ ገደብ ተደረገለት፣ የሁኔታ ገጹ ማረሚያም ከአንድ በላይ ሪጅን ላይ እንዲቆም ሆነ። እኔ ለማውቃቸው ትናንሽ አቅራቢዎች የምለው ይሄንኑ ነው፤ የሁኔታ ገጻችሁን ከራሳችሁ ቤት ውጪ አስቀምጡት።

ከጋሼ ጋር ምሳ ስንበላ ስለ ርቀት ተጨዋወትን። ከአዲስ አበባ እስከ አሽበርን በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ደርሶ መልስ ቢያንስ 115 ሚሊ ሰከንድ። ገመዱ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም፣ በጎረቤት አገር በኩል ባሕር ላይ ይወርዳል፣ ስለዚህ ከዚያ ይረዝማል። ለሰው ቅጽበታዊ መስሎ የሚሰማው እስከ 100 ሚሊ ሰከንድ ድረስ ነው የሚለው የዚያው የኒልሰን መለኪያ ነውና፣ ገና ኮምፒውተሩ ማሰብ ሳይጀምር መንገዱ ብቻ ያን ያልፋል። ኬፕ ታውን ከ2020፣ ጆሃንስበርግ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልልቅ አቅራቢዎች ሪጅን ከፍተዋል። ታዲያ ኮንሶሉ የከተማ ስም ብቻ ከሚደረድር፣ ካለንበት ቦታ ወደ እያንዳንዱ ሪጅን ለክቶ “አንተ ካለህበት ይሄን ያህል ሚሊ ሰከንድ” ብሎ ቢጽፍ ምን ይገደዋል? ልኬቱ የሰከንዶች ሥራ ነው።

ሰዓቱም እንደዚያው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሰው ተኝቷል ተብሎ በበጋቸው ሌሊት በፈረንጅ 2 ሰዓት የሚደረግ ጥገና አዲስ አበባ የሚደርሰው ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቢሮ ሁሉ በተከፈተበት ነው። ማስታወቂያው ግን በዓለም አቀፍ ሰዓት ተጽፎ ይላካል፤ ሒሳቡን ማስላት ለአንባቢው ተትቷል። ጋሼ ይሄን ስነግራቸው ሳቁ። እህታቸው መርካቶ ሱቅ አላት፤ የሱቋ ድረ ገጽ የሚቋረጠው ሁልጊዜ ጠዋት ነው ብላ ከመብራት ኃይል ጋር ስትጣላ ነው የከረመችው።

አዲስ አበባም አሁን የራሷ ቤት አላት። አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የዳታ ማዕከሎች ቆመዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ቴሌክላውድ ብሎ ያከራያል። ለነዚህ ኮንሶል የምትሠሩ ወገኖች፣ ከውጭ ያለውን ገጽ እንዳለ አትቅዱት። ዋጋውን በብር፣ በወር ጻፉት፤ ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር አሳዩ፤ “ሰርዝ” ሲባል ምን ምን አብሮ እንደሚጠፋና ምን እንደሚቀር ከመጠየቃችን በፊት ንገሩን።

ተጠቃሚ የሆናችሁ ደግሞ አትታክቱ፣ ጻፉ። በብዙ ኮንሶሎች ገጽ ጠርዝ ላይ አስተያየት መስጫ አለ። “አስቸጋሪ ነው” ብቻ ብትሉ ማንም አያነበውም፤ ምን ልታደርጉ እንደነበር፣ ምን ጠብቃችሁ ምን እንዳገኛችሁ፣ በየትኛው ሪጅንና በስንት ሰዓት እንደሆነ በአጭሩ ጻፉ፣ የስክሪኑን ፎቶም አያይዙ። ፎቶው ላይ የአካውንት ቁጥራችሁንና የይለፍ ቁልፋችሁን መሸፈን እንዳትረሱ።