በዴይተን ከተማ ስላየነው የፍርድ ቤትና በዚያ ስለ ተደረገው የፍጥረት ክርክር

አገር ለማየት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ትልቁ ግንብ፣ ሰፊው ወንዝ፣ ያማረው ገበያ ወዴት ነው እያለ ነው። እኛ ግን ዕድሜአችንን በችሎት ጸሐፊነት ያሳለፍን ስለ ሆንን ወደ እንግዳ አገር በደረስን ጊዜ አስቀድመን የምንፈልገው የፍርድ ቤቱን ነው፤ የሕዝብ ጠባይ ከገበያው ይልቅ በሙግቱ ይገለጣልና። ስለዚህ ባለፈው ዓመት በአሜሪካ አትላንታ የሚኖሩትን ዘመዶቻችንን ለመጠየቅ በሄድን ጊዜ፣ በቴነሲ አገር የምትገኘውን ዴይተን የተባለችውን ትንሽ ከተማ ሳናይ ላለመመለስ ቈርጠን ነበር።

ይህን አሳብ ያሳደረብን በቤታችን የደረሰ ነገር ነው። የዐሥር ዓመት ልጃችን ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር አዲስ አበባ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ሄዳ፣ በ1974 በአፋር ምድር ሐዳር በተባለው ስፍራ የተገኘችውን የድንቅነሽን አምሳል አይታ ተመለሰች። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱን የምንቈጥረው በፈረንጆች ልማድ ነው።) ማታ በራት ጊዜ፣ «አባባ፣ ድንቅነሽ የኖረችው ከዛሬ 3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው ብለው አስተማሩን። እርስዎ ግን ዓለም ከተፈጠረ ሰባት ሺህ ከአምስት መቶ ዓመት ነው ብለውኝ ነበር። ታዲያ የተሳሳተው ማን ነው?» ስትል ጠየቀችን። እኛም በልጅነታችን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን የስድስቱን ቀን ሥነ ፍጥረት ሰምተናል፤ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ምድርና ስለ ድንጋይ ዓይነት ተምረናል። ነገር ግን ሁለቱን ትምህርት አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት አቁመን አላከራከርናቸውም ነበርና መልስ አጣን። «ቆይ፣ አስበን እንነግርሻለን» ብለን ወደ መኝታዋ ሰደድናት። ይህ ጥያቄ ግን በ1925፣ በእኛ አቈጣጠር በ1917 ዓመተ ምሕረት፣ አንዲትን ከተማ በሙሉ በችሎት ያቆመ ጥያቄ ነው።

ከአትላንታ በአውቶሞቢል ተነሥተን ቻታኑጋ ከተባለው ከተማ ደረስን። ከዚያም ወደ ሰሜን ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝን። በስተግራ ደን የለበሰ ረጅም ጋራ፣ በስተቀኝ የቴነሲ ወንዝ ሸለቆ አለ። ዴይተን ጸጥ ያለች ከተማ ናት፤ በየዓመቱ የእንጆሪ በዓል ታደርጋለች። በመካከሏ በ1891 የተሠራው ባለ ግንቡ የቀይ ጡብ ፍርድ ቤት ትልልቅ ዛፎች ከበውት ቆሟል። በ1976 ታሪካዊ ሕንፃ ተብሎ በመንግሥት ተመዝግቧል። በግቢው ሣር ላይ ሁለት ሐውልቶች አሉ፤ አንዱ በ2005 የቆመው የዊልያም ጄኒንግስ ብራያን፣ ሁለተኛው በ2017 የቆመው የክላሬንስ ዳሮው ነው። እነዚህ ሁለቱ በዚያው ግቢ የተሟገቱ ሰዎች ናቸው።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። በማርች ወር 1925 የቴነሲ አገረ ገዥ አንድ ሕግ ፈረሙ። ይኸውም በመንግሥት ገንዘብ በሚተዳደር ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር፣ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሰው መፈጠር የሚናገረውን የሚክድና ሰው ከዝቅተኛ እንስሳ ወረደ የሚል ትምህርት እንዳያስተምር የሚከለክል ነበር። በኒውዮርክ ያለ አንድ የዜጎች መብት ማኅበር ሕጉን በችሎት ለመፈተን የሚደፍር መምህር ቢገኝ የሙግቱን ወጪ እችላለሁ ብሎ በጋዜጣ አስነገረ። ዴይተን በዚያ ጊዜ 1,800 ያህል ሰው የሚኖርባት፣ የከሰሏና የብረቷ ሥራ የተቀዛቀዘባት ከተማ ነበረች። ታላላቆቿም በአንድ መድኃኒት ቤት ተሰብስበው፣ ይህ ሙግት በእኛ ዘንድ ቢደረግ ስማችን ይጠራል፤ ገበያችንም ይደራል ብለው ተመካከሩ። ጆን ስኮፕስ የተባለውን የ24 ዓመት መምህር ከቴኒስ ጨዋታ አስጠርተው ለመከሰስ ይፈቅድ እንደ ሆነ ጠየቁት፤ እሱም ፈቀደ። የሚያስቀው ነገር፣ ስኮፕስ ያስተማረበት የሥነ ሕይወት መጽሐፍ በዚያው በቴነሲ መንግሥት የጸደቀ፣ በዚያውም መድኃኒት ቤት የሚሸጥ መሆኑ ነው።

ችሎቱ በጁላይ 10 ቀን ተከፈተ። ከአንድ መቶ በላይ ጋዜጠኞች መጡ፤ ከቺካጎም የራዲዮ ጣቢያ መጥቶ የችሎቱን ቃል በአየር አሰማ። በመንገዱ ሰባኪው ይሰብካል፣ ነጋዴው ይጮኻል፤ ልብስ የለበሰ ቺምፓንዚም ለትርኢት ቀርቦ ነበር። የክሱ ጠበቆች ረዳት ሆነው የቀረቡት ሚስተር ብራያን ሦስት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ ታላቅ ተናጋሪ ናቸው። የተከሳሹ ጠበቃ ሚስተር ዳሮው ደግሞ በወንጀል ሙግት ስማቸው የገነነ የቺካጎ ሰው ናቸው። በ1896 ሚስተር ዳሮው ሚስተር ብራያንን ደግፈው ነበርና ሁለቱ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ባላጋራዎች አልነበሩም።

ደረጃውን ወጥተን ክርክሩ ወደ ተደረገበት አዳራሽ በገባን ጊዜ ከኋላ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥን። የእንጨቱ ወለል ሲረገጥ ይሰማል፤ በመስኮቱ የዛፎቹ ቅጠል ይታያል። ጸሐፊ የተቀመጠበትን ስፍራ በዐይናችን ፈለግን፤ በዚያ ሙቀትና ጩኸት መካከል ቃል ሁሉ ሳይቀር መመዝገብ ምን ያህል እንደሚያደክም እናውቃለንና።

ተከሳሹ ያቀረባቸው የሳይንስ ሊቃውንት በርካታ ነበሩ። ዳኛው ጆን ራውልስተን ግን ክሱ መምህሩ አስተምሯል ወይስ አላስተማረም የሚለው ብቻ ነው ብለው፣ ጁሪ የተባሉት ከሕዝብ የተመረጡት 12 ፈራጆች የሊቃውንቱን ምስክርነት እንዳይሰሙ ከለከሉ። ሜይናርድ ሜትካፍ የተባሉት የእንስሳት ሊቅ ብቻ ጁሪው በሌለበት በቃል መሰከሩ፤ እሳቸውም የቤተ ክርስቲያን አባል ነበሩ። ስለዚህ ሙግቱ በአማኝና በከሓዲ መካከል ብቻ ነበር የሚለው የብዙ ሰው ወሬ ልክ አይደለም።

በጁላይ 20 ቀን ከሙቀቱና ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ችሎቱ ወደ ሣሩ ወረደ። በዚያ ሚስተር ዳሮው የባላጋራቸውን ረዳት ሚስተር ብራያንን ራሳቸውን በምስክርነት ጠሯቸው። ስለ ዮናስ፣ ኢያሱ ስላቆመው ፀሐይ፣ ስለ ቃየን ሚስት ጠየቋቸው። ዓለም የተፈጠረበት ዘመን በተነሣ ጊዜ፣ አሸር የተባሉ የአየርላንድ ሊቀ ጳጳስ በ17ኛው ምዕት ዓመት አስልተው ከክርስቶስ ልደት በፊት 4004 ዓመት ያሉት ቍጥር ተጠቀሰ። ይህን ስናስብ የየኔታ ትምህርት ትዝ አለን። በእኛ ባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ያለው ዘመን 5500 ነው። እንግዲህ መጽሐፍን አምነው በሚቈጥሩት መካከል እንኳ የ1,496 ዓመት ልዩነት አለ። ሚስተር ብራያንም ሲጠየቁ፣ ስድስቱ ቀኖች የግድ የ24 ሰዓት ቀን ናቸው እንደማይሉ፣ ረጅም ዘመን ሊሆኑ እንደሚችሉ መለሱ። ዳኛው ግን በማግሥቱ ይህን ምስክርነት ሁሉ ከመዝገብ ሰረዙት።

ወደ ዴይተን ከመሄዳችን በፊት ስኮፕስ ያስተማረበትን፣ በ1914 የታተመውን መጽሐፍ ፈልገን አንብበን ነበር። በውስጡም የሰውን ዘር በአምስት ከፍሎ፣ የኢትዮጵያ ወይም የጥቁር ዘር የሚለውን በመጀመሪያ ጠርቶ፣ ከሁሉ የበላይ ነው የሚለውን የአውሮፓንና የአሜሪካን ነጭ በመጨረሻ ያስቀምጣል። የገዛ አገራችንን ስም በዚያ ገጽ ባየን ጊዜ መጽሐፉን ዘግተን ብዙ ዝም አልን። በሳይንስ ስም የተጻፈው ሁሉ እውነት እንዳልነበረ የሚመሰክር ገጽ ነው። የክሱ ጉዳይ ግን ይህ ገጽ አልነበረም። ስሕተቱን ያፈረሰውም ዳኛ ወይም ሰባኪ ሳይሆን ያው የሳይንስ ምርመራ ነው፤ ከእኛው አገር ከኦሞ ሸለቆ ከተገኘው አጥንትና ከሰው ደም ምርመራ እንደ ታወቀው፣ ዛሬ በምድር ላይ ያለው ሰው ሁሉ የዘር ሐረጉ ከአፍሪካ ይነሣል።

ጁሪው ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ብቻ መክሮ ስኮፕስን ጥፋተኛ አለው፤ ዳኛውም 100 ዶላር ቀጡት። ሚስተር ብራያን ከአምስት ቀን በኋላ፣ በጁላይ 26፣ በዚያው በዴይተን በእንቅልፋቸው ሳሉ ዐረፉ። በ1930 በስማቸው የተከፈተው ኮሌጅ እስከ ዛሬ በከተማዋ አለ።

ለጸሐፊ ዐይን ደስ የሚለው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ይባላል። በቴነሲ ሕገ መንግሥት ከ50 ዶላር በላይ የሆነ መቀጫ መወሰን ያለበት በጁሪው ነው፤ ዳኛው ግን እንደ አገሩ ልማድ ራሳቸው ወሰኑት። በ1927 የቴነሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን አጽንቶ፣ መቀጫውን ግን በዚህ የአሠራር ስሕተት ምክንያት ሻረው። ስኮፕስ ነጻ ወጣ፤ ጠበቆቹም ወደ አገሪቱ የመጨረሻ ችሎት ይግባኝ የሚሉበት መንገድ ተዘጋባቸው። ያ ሁሉ ጋዜጣና ራዲዮ የተሰበሰበበት ሙግት በ50 ዶላር ልዩነት ፈረሰ፤ ዋናው ጥያቄም ሳይፈረድበት ቀረ። ሕጉ ራሱ የተሻረው ከ42 ዓመት በኋላ፣ በ1967 ነው። በ1968 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአርካንሳስን ተመሳሳይ ሕግ አፈረሰ። በ1987 ሁለቱ ትምህርቶች እኩል ይሰጡ የሚለውን የሉዊዚያናን ሕግ ሻረ። በ2005 ደግሞ በፔንሲልቬንያ የዶቨር ከተማን ጉዳይ የመረመሩት ዳኛ፣ በአዲስ ስም የቀረበው የፍጥረት ትምህርት ሳይንስ አይደለም ብለው ፈረዱ። ሙግቱ ግን ከችሎት ወጥቶ ቀጠለ፤ በኬንታኪ አገር የስድስቱን ቀን ፍጥረት የሚያስረዳ ሙዚየም በ2007፣ የኖኅን መርከብ የሚያህል ትልቅ ሕንፃም በ2016 ለተመልካች ተከፈቱ።

ከአዳራሹ ወጥተን በሁለቱ ሐውልቶች መካከል ስንመላለስ ይህን አሰብን። ዳኛ በመንግሥት ትምህርት ቤት ምን ይሰጥ የሚለውን ሊወስን ይችላል፤ ምድር ስንት ዘመን አላት የሚለው ግን ከሥልጣኑ በላይ ነው። የዚያ ምስክሮች ድንጋዩና አጥንቱ ናቸው፤ ሊቃውንቱም እነሱን መርምረው የምድር ዕድሜ 4,500 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑን አስረድተዋል። በዴይተን የተሠራው ጥፋት ምስክር ሳይሰማ መፈረዱ ነው።

ወደ ቤታችን በተመለስን ማታ ልጃችንን ጠርተን፣ «ስለ ዓመቱ ቍጥር የተሳሳትን እኛ ነን፤ አስተማሪሽ ልክ ናት። የኔታ ያስተማሩን ፈጣሪ ማን እንደ ሆነ ነው፤ ያንን ዛሬም እናምናለን። በስንት ዘመንና እንዴት የሚለውን ግን መርምረው ከሚያውቁት እንሰማለን» አልናት። እሷም ጥቂት አስባ፣ «ታዲያ ያንን አስተማሪ ለምን ከሰሱት?» አለች። ልጆቻቸው እምነታቸውን እንዳይተዉ ፈርተው ነው አልናት። «እኔ ግን አልተውኩም እኮ» ብላ ወደ መጽሐፏ ተመለሰች።

እንግዲህ ልጆች ያሏችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ በማዕዳችሁ በቀረበ ጊዜ ልጁን በቍጣ ዝም አታሰኙት። የምታውቁትን ንገሩት፤ ያላወቃችሁትን አብራችሁት ጠይቁ፤ የተሳሳታችሁትንም ሳታፍሩ አርሙ። አባቱ ሲታረም ያየ ልጅ እሱም ነገ መታረምን አይፈራም።