ባትሪውን ለምእመናኑ እናቆይላቸው

ገና ሲቃረብ የላሊበላ መንገድ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ያውቀዋል። ታኅሣሥ 29 የጌታችን ልደት ብቻ አይደለም፤ የቅዱስ ላሊበላም የልደት ቀን ነው። ምእመኑ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፣ ብዙው በእግሩ። ወደ ከተማው በሚያወጣው ዳገት ላይ አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱ፣ ላንድ ክሩዘሩና ባጃጁ ተያይዞ ይቆማል። በአንደኛ ማርሽ የሚያቃስተው የናፍጣ መኪና ጥቁር ጭሱን ሲለቀው፣ በመንገዱ ዳር የሚሄዱት እናቶች በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይሸፍናሉ። ቀናት በእግራቸው ተጉዘው፣ ደጁ ላይ ሲደርሱ የሚቀበላቸው ጭስ ነው።

ስለ ባትሪ መጻፍ የፈለግሁት በዚህ ምክንያት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይ የሁላችንም ወሬ ሆኗል። ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪም የነዳጅ ሞተርም ያለው ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ የሚነዱም አሉ። የብዙዎቹ ጥያቄ አንድ ነው፦ «መንገድ ተዘጋግቶ ስቆም ባትሪዬ አያልቅም ወይ?»

መልሱን ላስቀድም፤ ባትሪ የሚጨርሰው መጨናነቁ አይደለም።

የነዳጅ መኪና ቆሞም ነዳጅ ይበላል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን መኪናው ሲቆም አብሮ ይቆማል። በዝግታ ሲሄዱም ጥቅሙ ለባትሪው ነው፦ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚገፋን የአየር ኃይል አራት እጥፍ ይሆናልና፣ በሰልፍ የሚጎተት መኪና ከአየር ጋር ያለው ትግል ኢምንት ነው። ፍሬን በያዙ ቁጥር ደግሞ ሞተሩ ወደ ጄነሬተርነት ተለውጦ ከጉልበቱ የተወሰነውን ለባትሪው ይመልሳል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ መብራቱና ኮምፒውተሩ ብቻ ቢሠሩ፣ የሚወጣው ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ኪሎ ሜትር መንገድ አይበልጥም።

መኪናው ቆሞ ባትሪውን የሚበላው ማሞቂያው ነው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊቷን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማሞቂያ ሲከፈት በሰዓት ሁለትና ሦስት ኪሎ ዋት ሰዓት ሊሄድ ይችላል፤ ይህ ከአሥር ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ነው። በብዙ ሃይብሪዶች ደግሞ ማሞቂያው ሲከፈት የነዳጅ ሞተሩ ራሱ ይነሳል። ላሊበላ የምትገኝበት የላስታ ሰው መድኃኒቱን ያውቃል፦ ጋቢ ደርቦ ማሞቂያውን ማጥፋት።

ሁለተኛው በላተኛ ዳገቱ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው 2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ እስከ ከተማው ያለው መንገድ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆንም መኪናውን 500 ሜትር ያህል ሽቅብ ያወጣዋል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ሦስት ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልገዋል፤ ርቀቱ የሚጠይቀው ሲጨመርበት ሰባት ይጠጋል። የፕለግ-ኢን ሃይብሪድ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው የሚይዘው። ሜዳ ላይ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያስኬዳል የተባለ ባትሪ፣ እዚህ ዳገት ላይ ግማሹን አራግፎ ይደርሳል ማለት ነው። በላስታ መንገድ የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሜትር ከፍታ ነው።

ቁልቁለቱም ሕግ አለው። ባትሪውን ላሊበላ ላይ ጢም አድርጎ ሞልቶ ወደ ማረፊያው የሚወርድ ሾፌር፣ የሚመለሰው ጉልበት መግቢያ ያጣበታል፤ ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ፍሬንም ይግላል። ሲወርዱ በባትሪው ውስጥ ክፍት ቦታ መተው ለኪስም ለሕይወትም ይበጃል።

እንግዲህ ሃይብሪድ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ልለምናችሁ የምፈልገው ይህን ነው። ከወልዲያ በድልብ፣ በጋሸና አድርጋችሁ ስትመጡ ባትሪውን በመጀመሪያው ዳገት አትጨርሱት። ብዙዎቹ መኪናዎች ቻርጁን ለኋላ የሚያቆይ ቁልፍ አላቸው፤ እሱን ተጫኑት። ነፃ መንገድ ላይ የነዳጅ ሞተሩ ይሥራ፣ እዚያ ብክነቱ ትንሽ ነው። ከጋሸና በኋላ ያሉትን 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ጨርሳችሁ ሕዝቡ መሐል ስትገቡ ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሩት። የነዳጅ ሞተር ከሁሉ የበለጠ የሚያባክነው፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ከሁሉ የበለጠ የሚቆጥበው እዚያ በሚቆምና በሚንቀሳቀስ ሰልፍ ውስጥ ነው። ባትሪውን ለሰልፉ ማቆየት ነዳጅ ይቆጥባል፤ በእግሩ ለሚሄደው ምእመንም ንጹሕ አየር ይተርፈዋል።

ይህ ሁሉ ግን መብራት ሲኖር ነው። ላሊበላ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መብራት የኖረች ከተማ ናት፤ ሰው እህሉን ለማስፈጨት ተቸግሮ የከረመበት አገር ላይ ስለ መኪና ቻርጅ ብቻ ማውራት አይገባም። ከላስታ ተራሮች የሚነሳው ተከዜ ታች ወርዶ፣ በ2002 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ግድብ 300 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚችሉ ተርባይኖችን ያዞራል። ውኃው የሚነሳበት አገር ሰው የማይቆራረጥ መብራት ይገባዋል። እሱ ሲስተካከል፣ ሆቴሎች ለእንግዳ አልጋ እንደሚያዘጋጁ ሁሉ በግቢያቸው አንድ ሁለት የቻርጅ ሶኬት ያዘጋጁ። የከተማው አስተዳደርም በማረፊያው አጠገብ፣ ማለትም ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት፣ የቻርጅ ቦታ እንዲኖር ቢያስብበት፣ ከከተማው መሐል ይልቅ እዚያ ይጠቅማል።

ለዘንድሮው ገና የሚሄድ ሾፌር ግን ይህን ሁሉ መጠበቅ የለበትም። ቁልፉ እጁ ላይ ነው፤ ሕዝቡ መሐል ሲገባ የነዳጅ ሞተሩን ያጥፋ።